ሦስት ነጥብ

ዊኒፔግ፣ የካቲት፣ ማሞቂያው እያጉረመረመ፣
ሠላሳ ሰባት ጥያቄ ግድግዳው ላይ ቆመ።
ለያንዳንዳችን ሦስት ቀይ ነጥብ ታደለ፣
«ቅድሚያ ለሚገባው ለጥፉ» ተባለ።

የስኳር ቀረጥ። የዘረመል ካርታ። የአንጀት ባክቴሪያ። የልጆች እንቅልፍ።
እኔ ሦስቱንም በራሴ ጥናት ላይ ለጠፍኩ፤
ማንም አላየኝም አልኩ።

ወይዘሮ ቨርና ግን፣ የተማሪ አውቶቡስ ሾፌሯ፣
ነጥቦቹ ላብ ጠጡ በመዳፏ፤
አንብባ ጨረሰች፣ መነጽሯን ወለወለች፣ እንደገና አነበበች።

«ወገባችንን በሜትር ለክታችሁ ጨረሳችሁ፤
ከደጄ እስከ ቲማቲሙ ያለውን ማን ለካላችሁ?
የጥጉ ሱቅ ከተዘጋ ይኸው ስድስት ዓመት፣
ጎመን በሁለት አውቶቡስ፣ ቺፕስ ከደጃፌ ፊት።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ፦ «ግሩም ሐሳብ ነው፤ ግን…
ይህ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ እንጂ የምርምር ጥያቄ አይሆን።»

ሦስቱን ነጥብ ባዶው ግድግዳ ላይ ለጠፈች፣
ካፖርቷን ደረበች፣ «ልጆቹ ይወጣሉ» ብላ ሄደች።

በቃለ ጉባኤው «ሦስት ድምፅ ባከነ» ስል ጻፍኩ።

ማታ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተጠቅልሎ ሲያበቃ፣
ነጥቦቹን በጥፍሬ ልፍቃቸው ሞከርኩ፤
ቀለሙ አብሮ ተነሣ፤
ከሥሩ አሮጌው ጡብ ታየ።