ሁለተኛ ውሃ

በዘጠነኛው ሌሊት ቧንቧው ያቃስታል፣
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ኋላ ውሃ ይመጣል።
ኮምቦልቻ ፈረቃችን ደርሶ ጀሪካን ይንኳኳል፣
የአከራዬ የእትዬ ጦይባ ድምፅ ግቢውን ይመራል፦

«ይኼ ለመጠጥ፣ ይኼ ለወጥ፣ ይኼ ለውዱእ ነው፣ እንዳትነኩት፤
ፊት የታጠባችሁበትን ግን ወዴት ነው የምትደፉት?»

ፊት ያጠበው እግር ያጥባል፣
እግር ያጠበው ወለል ያብሳል፣
ወለል ያበሰው ሽንት ቤት ይገባል፣
የልብስ እጣቢው፣ ሳሙናው ሲያርፍ፣ ለደጁ ሎሚ ይተርፋል።

እትዬ ጦይባ መሐንዲስ አይደሉም።
እኔ ነኝ፤ ግን ከዚህ የተሻለ ንድፍ አላየሁም።

*

ልጆች ሳለን ከቦርከና ድልድይ ላይ እንወራረድ ነበር፦
«ዛሬ ምን ለብሶ ይመጣል?» ቀይ፣ ጥቁር፣ አንዳንዴም የጎርፍ አፈር።
የተሸነፈ ሸንኮራ ይገዛል።
ወንዝ ልብሱን የት ያወልቃል ብሎ የጠየቀ የለም፣
እኔም አልጠየቅኩም።

*

ውሃ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልዘጋ ያለው ክፍል፣
ከንፋስ ጋር እየታገልኩ የካርታውን ጥግ በጠጠር ስቸክል፤
ሰማያዊው የመጠጥ ነው፣ ቡናማው ከየቤቱ የወጣ፣
ሐምራዊው (እሱ ገና ነው) ተጣርቶ ተመልሶ የሚመጣ፤
ወደ ማቅለሚያው ቤት፣ ወደ ጡብ ማምረቻው፣ ወደ መንገድ ዳር ችግኙ፣
ሰዎች የጣሉትን ውሃ ዞረው እንዲያገኙ።

ሐምራዊ እርሳስ ግን የለንም።
እንድሪስ ቀዩን በሰማያዊው ላይ ደርቦ አሰመረ፤
«ይኸው» አለ፣ «ሐምራዊ ሆነ፤ ባይሆንም እንኳ ጀመረ።»

*

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞላ።
ስለ ገንዳው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ክሎሪኑ አስረዳሁ፣
ስለ ፓምፑ መብራት ዋጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ከፊት ወንበር አንዱ፦ «የሽንት ቤት ውሃ ልታጠጡን!»
ሳቅ። ጩኸት። «ለውዱእስ ይሆናል? ንገሩን!»
ቁጥር ጠራሁ።
ቁጥር በአዳራሽ ውስጥ አይሰማም።

አያ ይመር ከኋላ ብድግ አሉ፤ ቦርከና ዳር ቀይ ሥር የሚያለሙ፤
ማይኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ደሴ ማለዳ ፊቱን ይታጠባል፤ ታጥቦም ይደፋል፤
የደፋው ዶሮ መዝለያን ዘሎ ከእኔ ማሳ ይደርሳል።
በእሱ ቀይ ሥር አጠጣለሁ፤ ቀይ ሥሩን ደሴ ይገዛኛል፤
በልቶ ደግሞ ፊቱን ይታጠባል። ይኼ ስንት ዓመቱ ይሆናል?
መሐንዲስ አልነደፈው፣ አንድ ወንፊት አልነካው፤
እናንተ ስም አወጣችሁለት እንጂ ዙሩስ ድሮም ያው።
ልጄ፣ ተጣርቶ የሚገባ እንግዳ መቼ ያስፈራል?
የሚያስፈራው ሳይጣራ
ዘው የሚል ነው።»

አዳራሹ ዝም አለ። እጁን ያነሣ ግን የለም።
ቃለ ጉባኤው «በቀጣይ ይታይ» አለ፤
በጀቱም አልመጣም።

*

ውሃ ከመጣ አራተኛ ቀን፤ ጀሪካኖቹ ጎደሉ፤
እጄን ታጠብኩ፤ የእርሳሱ ቀይና ሰማያዊ ከሳፋው ውስጥ ዋለሉ።
ደጅ ወጣሁ። ወለሉ ታጥቧል፤ ሎሚውም ጠጥቷል፤
ቦርከና በጨለማ፣ ምን እንደለበሰ እንጃ፣ ታች ያጓራል።

በመስኮት፦ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ይዘህ ነው የቆምከው?»
«ሐምራዊ ውሃ» አልኩ፣
«መስመሩ ገና ነው።»

ሳቁ መሰለኝ።
«ከሎሚው ራቅ አርገህ ድፋው» አሉ፣
«ቀለም አይወድም።»