አንቀጽ አራት

ኩዎፒዮ ከተማ፣ የኅዳር ማብቂያ ላይ፣
ገና በዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች ፀሐይ።
ኢርሜሊ መብራቱን አብርታ፣ መነጽሯን ጠርጋ፣
ሠላሳ ሁለት ገጽ ረቂቅ ዘርግታ፣
በቀይ እርሳስ ትሄዳለች፣ ቃል ከቃል፣ ቀስ ብላ፣
ውርጭ ያደረበት ድልድይ እንደምትሻገር።

የሰው ፊደል ስታርም ሠላሳ ዓመት ኖራ
ጡረታ ስትወጣ አገኘች ይህን ሥራ፤
ደሞዝ የለው፣ አለቃ የለው፣
ቃል መዝኖ መመለስ ነው።

ድረ ገጽ አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር
ለአንባቢው እንዴት ብሎ፣ በምን ቅርጽ ይናገር፣
ርዕሱ የት ይቀመጥ፣ የጸሐፊው ስም የት፣
ማሽን ለማሽን ሲያቀብል በሌሊት፣
ይህን ነው የሚደነግገው።
ማሽን ደግሞ እንደ ሰው አይደለም፤
"ይህን ለማለት ነው" ብሎ አይገምትም።
መጋቢ ይሉታል፤ የጎረሰውን ነው የሚያጎርሰው።

ሦስት ቃላት ይገዙታል። እኔ በቋንቋዬ ስሰማቸው፦
"ይችላል" ደግ ነው፣ በር ከፍቶ የሚተኛ፤
"ይገባል" ሽማግሌ ነው፣ ይገባል ለሚገባው፤
"አለበት" ግን ዳኛ።

አንቀጽ አራት ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ፦
"ጽሑፍ ጉልህ ለውጥ ሲደረግበት፣
የታደሰበትን ቀን መቀየር ይገባል።"
ጉልህ?
ለማን ነው ጉልህ? ለጻፈው? ላነበበው?
ሚዛኑስ ማን ቤት ነው?

ዱዋርቴ ከሊዝበን አስቀድሞ ጽፏል፦
"ነጠላ ሰረዝ በታረመ ቁጥር ደወል ከተደወለ
ደወሉን የሚሰማ ጆሮ የት አለ?
የፊደል ግድፈት ለውጥ አይባልም።"
እውነት አለው። አራሚ ሳለች እሷም ይህንኑ ትል ነበር።

ግን አምና፣ በዚሁ ወር፣ ወንድሟ ታይስቶ
ሐይቁ ላይ ወጥቶ፣ በረዶውን በስቶ፣
ውፍረቱን ለክቶ ለሰፈሩ ጻፈ፦
"ከጀልባ ማቆሚያው በስተምሥራቅ፣ 14 ሳንቲሜትር።"
ማታ ማስታወሻውን ሲያይ፣ ጣቱ ነው ያጠፋው፤
የለካው 4 ነው። አንዲት አንድ ናት ትርፏ።
ሰረዛት። የፊደል ግድፈት ነው ብሎ አለፈ፤
ቀኑን አልነካም።

መጋቢው መጣ፣ ቀኑን አየ፣ ያው የቀድሞው ነው፤
"አዲስ ነገር የለም" ብሎ ተመለሰ።

አርማስ ንጋት ላይ ስልኩን ገለጠ፤ 14።
መሰርሰሪያውን ይዞ፣ የዓሣ ባልዲውን ጎትቶ፣
ሄደ።
በረዶው እንደ ብርጭቆ አልጮኸም፤
እንደ ራሰ ካርቶን ዝም ብሎ ከዳው።

ወጥቷል። በሕይወት አለ። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎደለ።
ታይስቶን ገበያ ሲያገኘው በቀኙ ይጨብጠዋል፣
ስለ አየሩ ያወራዋል።
ታይስቶም ከዚያ ወዲህ ቁጥርን በፊደል ነው የሚጽፈው፣
ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለብቻው።

ኢርሜሊ ይህን አልጻፈችም። ረቂቅ እንባ አያነብም።
"‘ጉልህ’ ይውጣ" ብላ ጻፈች፤ "‘ይገባል’ በ‘አለበት’ ይተካ።"
ሰረዘችው። የዱዋርቴ ደወል ጆሮዋ ውስጥ አለ፦
ሁሌ የሚጮህን ማን ይሰማል?
ሻይዋ ቀዘቀዘ። ደግማ ጻፈች፦
"ሁለት ቀን ይኑር፤ አንዱ እጅ ለነካበት፣
አንዱ፣ ጸሐፊው ‘ሰው ይወቅልኝ’ ላለበት።
የመጀመሪያው ግዴታ።"

ከእራት በፊት መለሰ ዱዋርቴ፦
"‘እጅ’ ሲባል ምን ማለት ነው? ማሽን ያረመውስ?"
ሳቀች። መልሱን ለነገ አሳደረችው፤
ረቂቅ አይደል።

ካፖርቷን ደርባ ወደ ሐይቁ ወረደች።
ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ታይስቶ የተከለው እንጨት፣
እንጨቱ ላይ ሰሌዳ፤ የእጅ ባትሪዋን አበራችበት፦
"ስድስት ሳንቲሜትር። አትርገጡ።"
ከሥር፣ በዚያው በተንጋደደ ጽሕፈቱ፣
ቀን አለበት።