ደረሰኝ

ሰኔ ሠላሳ ነው፣ ሒሳብ የሚዘጋበት፣
ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከክለባችን ቤት፣
ዝናብ በተሰበረው መስኮት እየገባብን
በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰው ሆነን
ደረሰኝን ሰጠን፤
ደረሰኝ ተቀበልን።

አትሳቁ። ስሙ ነው። እናቱ ናት ያወጣችለት
«በጭንቄ ደረሰኝ» ብላ፣ በተወለደ ለት።
ሁለት ሜትር ከአራት፣ ጉልበቱ በፋሻ የተጠቀለለ፣
ዘጠኝ ዓመት ከቅርጫቱ ሥር እንደ ዋርካ የበቀለ፣
የተሳተ ኳስ ከሰማይ የሚለቅም፣
ነፃ ውርወራ ሲስት የገዛ ጫማውን የሚረግም፣
ታክሲ ውስጥ አንገቱን ለሁለት አጥፎ የሚመጣ፣
የታዳጊዎቹን ሒሳብ የሚከፍል፣ ለራሱ ሻይ ሳይጠጣ።

እኔ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። ጸሐፊውም እኔው ነኝ፣ ደመወዙ አንድ ነው፤
ደብዳቤውን የጻፍኩት፣ ማኅተሙን የመታሁት በዚህ እጄ ነው፦
«ተጫዋች ደረሰኝ በስምምነት ተዛውሯል፤
በምትኩ ክለባችን የከርሞ አንደኛ ዙር ዕጣቸውን፣
የከርሞ ከርሞውንም ሁለተኛ ዙር ይወስዳል።»

ሰብሳቢው አቶ ሰይፈሚካኤል መነጽሩን ጠረገና ቀጠለ፦
«ቡድን እንደ ቤት ነው። መጀመሪያ ይፈርሳል፤ ይሠራል ቀስ እያለ።
አሁን ሰባተኛ ነን። ሰባተኛነት ሞትም ሽረትም አይደለ፤
ወይ አንደኛ ሁን ወይ መጨረሻ፤ መሃል ላይ ዕጣ የለ።»
በመስኮቱ ብናይ፣ በዶማና በግሬደር
ማዶ ያለው ሰፈር እውነትም ይፈርስ ነበር።
የደረሰኝ እናት ቤት ቀይ ምልክት ተቀብቶ፣
ቆርቆሮው ሄዶ፣ በሩ ሄዶ፣ ደፉ ብቻ ቀርቶ።
አሥራ ስምንት ዓመት ቆጥባ ዕጣ የጠበቀች ሴት፣
«ደረሰኝ» ብላ የምትጠራው ልጇን እንጂ፣ ቤት አልደረሳት።

ሲነግሩት አልጮኸም። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው።
«አንደኛ ዙር ነው?» አለኝ። አዎ ስለው፣ እንጃ፣ ደስ ያለው መሰለኝ፤
«ሁለተኛም አለበት?»
«አለበት።»
«እንግዲያስ አልረከስኩም» አለና ሳቀ።
ዘጠኝ ዓመት ጎንበስ ብሎ የሚያልፋትን በር
ያን ቀን ገጫት በግንባር።

የከርሞው ልጅ ማነው? የት ነው? ማንም አያውቀውም።
ምናልባት ተክለ ሃይማኖት፣ ከጋራዥ ጀርባ፣
የብስክሌት ቸርኬ ግድግዳ ላይ ቸንክሮ
የሟሸሸ ኳስ ይወረውራል፤ ድምፁም ገና አልጎረነነም።
ምናልባት ቁመቱ በዚህ ክረምት ቆሟል፤ ከዚህ በላይ አያድግም።
ምናልባት ኳስ ሲባል እግር ኳስ ብቻ ነው የሚታየው።
ላማችን በሰማይ ናት፤ እኛም ከርሞ ጥጃ፤
ሰው በሳቀ ቁጥር እናወጣለን ማስረጃ።

ጥር ላይ መጣ፣ በሌላ መለያ፣ በአረንጓዴ፤
ፋሻው ያው ነው፣ ትንሽ ወፍሯል፣ ሰላምታው ግን እንደ ልማዴ።
እኛ ልጆች አሰልፈን በሃያ ስምንት ተመራን፤
አቶ ሰይፈሚካኤል ጆሮዬ ሥር «ጥሩ ነው» አለ፣ «ወደ ታች ወረድን።»
ሠላሳ የማይሞላው ተመልካች ከብርዱ ጋር ተቃቅፎ
«ደረሰኝ! ደረሰኝ!» ይላል፣ ከኛ ወገን ተሰልፎ።

ኳሱን ከሰማይ ለቀመ፣ ዞረ፣ በግራው አገባ፤
እስክሪብቶዬ ልማዱ ነው፣ ሁለት ነጥብ ይዞ በእኛ ዓምድ ገባ።
ዳኛው ፊሽካ ነፋ። «ጠረጴዛ!» አለኝ፣ «ምንድን ነው?»
ሰረዝኩት።
ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ስንት ዓመት ያላየሁት ጽሑፍ አለ፤ አየሁት አሁን ነው፦
«ሥርዝ ድልዝ ያለበት ዋጋ የለው።»