መንታ ቋሚ

አግድሙ ጊዜ ነው፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር፤
በግራ ዝናቡ፣ በሚሊሜትር ሲሰፈር፣
በቀኝ የወባ ሰው፣ በነፍስ ሲቆጠር።
አንዲት ቃል ጻፍኩና ሌላ ቋሚ ቆመ፣
ቁጥሩን እንደያዘ በስተቀኝ ታተመ።
ፓይተን «መንታ» ይለዋል። ስሙን ወደድኩለት፤
መሬታቸው አንድ፣ ቁመታቸው ሁለት።

ግን መንታ ያስቸግራል።
ሁለቱም ሰማያዊ ለብሰው ብቅ አሉ፤
«ዶፉ የቱ ነው፣ ትኩሳቱስ?» ያሰኛሉ።
ወባውን ቀይ ቀባሁ።
መግለጫው ቀዩን ጠርቶ ዝናቡን ዘነጋ፣
ዝናቡን ብጠራ ቀዩ ከሥር ተዘጋ፤
የቀኙ ጽሑፍ ደግሞ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ
«የታማሚ ቁ…» ብሎ ቀረ ተቋርጦ።

አቶ ሻሚል መጥተው በትከሻዬ አዩ፤
«ይቀራረቡ እንጂ፣ ምነው ተለያዩ?»

ይቻላል። ማን ከለከለኝ?
የቀኙን ጣሪያ ሁለት መቶ ላይ ስመታ
ወባው ጂሬን ኮረብታ ወጣ በአንድ አፍታ፤
ጣሪያውን አራት ሺህ ባደርሰው
እንደ ቦዬ ውሃ ተኛ፣ ማን ቀስቅሶ ያንሣው።
አንድ ሰው ሳይታመም፣ አንድ ሰው ሳይድን፣
በጣቴ አስነሣሁ፣ በጣቴ አበረድኩ ወረርሽኙን።

መስከረም ላይ ግን ዝናቡ ወለል ነካ።
ዘጠኝ ቀን ዜሮ።
ዜሮ?
በዚያ ሳምንት እኮ አዌቱ ድልድዩን ዘሎ
አንድ እግር ጫማዬን ሄዷል ጠቅልሎ፤
ቢሮ የገባሁት በካልሲ ነበር።

መዝገቡን ገለጥኩ። የአባ ዋሪ እጅ ጽሑፍ፣
ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀን ከቀን ሳያልፍ፣
ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሰባቱ ቀበቶ የታጠቀ፤
ከዚያ ዘጠኝ መስመር ባዶ፣ ቀለሙ የራቀ።
ዜሮ አላሉም እሳቸው። ምንም አላሉም።
«ባዶ ካየህ በዜሮ ሙላ» ያልኩት እኔ ነኝ፣
ኮዴ ምን ያድርግ፣ ያልኩትን ሠራልኝ።

ደወልኩ። ልጃቸው ነፊሳ አነሣች።
«አባቴማ ወባ ጥሎት ጤና ጣቢያ ነበር፣
ግሉኮስ ተሰክቶ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ሲያድር።
ዝናቡ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር
‹መለኪያው ሞልቷል! ድፉት! ጻፉት!› ይል ነበር።
እኛ በትኩሳት የሚቃዥ መስሎን።»

እንግዲህ በግራ ዜሮ፣ በቀኝ አንድ ነበሩ።
ያ አንድ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ተደምሮ
በመስመሩ ውፍረት ውስጥ ነው ያለው፣ ተሰውሮ፤
ብዕሬ ከሳቸው ይሰፋል።

ዜሮዎቹን አጠፋሁ። ዝናቡ ተቆረጠ፤
ወዲህ ጫፍ፣ ወዲያ ጫፍ፣ መሐሉ ነጭ ሆኖ።
አልቀጠልኩትም።

በማግስቱ አቶ ሻሚል ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙ።
«ይኼ ክፍተት ምንድነው?»
«አባ ዋሪ ናቸው።»
ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ ጣታቸውን
ከግራ ወደ ቀኝ እያንሸራተቱ፣
«በየትኛው ቋሚ?» አሉኝ።