ሁለት ፊደል

ደሴ ላይ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ጆንያ የተጋረደ አንድ በር ነበረን።
አበጋዝ ባለቤቱ፤ ወንበሩ የለስላሳ ሣጥን ነው፣
ቴሌቪዥኑ በጥፊ ሲሉት ነው ቀለሙ የሚመጣው።
ለአንድ ነፍስ ሃምሳ ሳንቲም። ነፍስ ርካሽ ነበረች።
አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥራ፣ ደርቃ፣ ዳግም ቆሰለች።

ታንኩንም ኳሱንም ሁሉም ሰፈር ያውቀዋል፣
የሆጤ ልጆች በአንድ ነፍስ ይጨርሱታል ይባላል።
የኛ ግን ሌላ ነው፦ ቢጫ ካሴት፣ ሥዕሉ የተላጠ፣
ከአሰብ በባቲ በኩል፣ በቴምር ጆንያ ተውጦ ያመለጠ።
ጀርባው ላይ የጃፓን ጽሑፍ፣ እንደ ሰበዝ ስብርብር፤
አንዷ ብቻ ከሩቅ 'ተ' ናት፤ ቀርበው ሲያዩዋት ሌላ ነገር።

እፍ ይባላል መጀመሪያ። ሕግ ነው። ጥርሱ ውስጥ እፍ።
አበጋዝ "ምራቅህን!" ይላል፤ እኛ ደግሞ እፍ፣ እፍ።

ከዚያ ይመጣል ልጁ፣ ፋኖስ በጀርባው አዝሎ፣
በሦስት ድምፅ ዜማ ሜዳ ሜዳውን ዘሎ፣
ጃንጥላ ገዝቶ፣ ዋሻ አድሮ፣ እንቁራሪት ገድሎ።
ድልድይ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ጺሙን አንዠርግጎ ቆሟል፣
አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ከሥሩ ሁለት ቃል ብልጭ ይላል፦
አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም። ምረጥ ማለቱ ነው።
"ፊናንስ ነው!" አለ አረቡ። (አባቱ ሾፌር ነው፣
ኬላ ያውቃል።) "ፋኖሱን ሊወርስ ነው የሚጠይቀው።"

ረዥሙን መታን። ረዥም ቃል ክብር አለው፣
ሰው ሲለማመጡት ነገር ይረዝማል ብለን ነው።
ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ያንኑ ደግሞ ጠየቀ።
ረዥሙን። ደፋ። ጠየቀ። ረዥሙን። ክረምቱ አለቀ።
አረቡ ጉቦ ነው አለ፣ ሳንቲም ሰብስበን መጣን፤
ሽኩር ቀኑ ነው አለ፣ በጁምዓ ሞክረን አጣን፤
እኔ ዝናብ ጠበቅሁ፦ ጃንጥላው ለምን ተሰጠን?

ሉባባ የአበጋዝ እህት ልጅ፣ የዱቤ መዝገብ ያዥ ናት፣
ቁልፍ መንካት የወንድ ነው ብለን በር ሥር ያስቀመጥናት።
ስማችንን ከነዕዳችን በተነከሰ እርሳስ ትጽፋለች፤
አንድ ቀን፣ ቀና ሳትል፣ ለመዝገቡ እንደምትነግረው አለች፦
"እሺ ሁለት ፊደል ናት። እምቢ ሦስት። ቁጠሯቸው።"
ዞረን ቆጠርን። ሁለት። ሦስት። ጆሯችን ጋለ።
ክረምቱን ሙሉ እምቢ ስንል ነበር ለሰውዬው!
እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል እየሰማን አድገን፣
ለአንድ ሽማግሌ እሺ ማለት ጃፓንኛ ሆነብን።

አጭሩን መታሁ። ሽማግሌው ሳቀ (ሁለት ነጥብ ነው ሳቁ)፤
የድልድዩ ጣውላዎች ከውሃው ሥር አንድ በአንድ ፈለቁ።
ማዶው ነጭ። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ። ነጭ ብቻ ነው።
"በረዶ" አለ ሽኩር። "ጉም ነው" አልኩ፣ "የጦሳ ጉም ነው።"
ልጁ ፋኖሱን አወረደ። ሊለኩሰው ክብሪት ጫረ፤
መብራት ሄደ። ደሴ በሙሉ። ጆንያው ውስጥ ጨለማ ቀረ።

ካሴቱ ማስታወሻ የለውም፤ ሁሌ ከእንቁራሪቷ ነው የሚጀምረው።
በዚያው ሰሞን አበጋዝ ሸጠው፣ ለአንድ የወልድያ ሰው።

ሉባባ ጅዳ ልትሄድ ስትል ደላላው ወረቀት ሰጣት፤
ፊደሉን ከቁርኣን ቤት ታውቀዋለች፣ ነገሩን ግን ማን ነገራት?
ጣቱን አሳየ፦ እዚህ ጋ። አጭር ነው። ፈረመች።
ሐረጎ ድረስ ሸኘናት፤ መኪናዋ ጉም ውስጥ ገባች።

ባለፈው ደወለች። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቂቤ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ።
ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አርጋ፦ "ያ ልጅ... በራለት ክብሪቱ?"
እኔ እንጃ። ሽማግሌው ምን ብሎ እንደጠየቀን እንኳ
ዛሬም አላወቅሁም። እሺ ብለን ነው የተሻገርነው ለካ።
"በራ" አልኳት። የዋሸሁ አልመሰለኝም።
ዝም አለች። ካርዷ አልቆ ይሆናል። ወይ ሳትቆጥር አልቀረችም።