ልክ

ሠላሳ አንድ ዓመት በሳጊኖ ችሎት
ጣቴ ነው ያወራው፣ አፌ ዝም ብሎት፤
ዳኛው ሲናገሩ፣ ጠበቃ ሲቆጣ፣
ሳልጠይቅ፣ ሳልመርጥ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣
ምስክር ሲያለቅስ፣ ሲምል፣ ሲሸመጥጥ፣
መጻፍ ነው፣ መጻፍ ነው፣ ፊቴ ሳይለወጥ።

ቴሮን ፒትማን መጣ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፤
የለበሰው ኮት ግን ያጎቱ ነው፣ ያጎቱ፤
እጅጌው ጣቶቹን ውጦ የጨረሰ፣
አንገትጌው ባገጩ ዙሪያ የፈሰሰ።
ልኩ አልነበረም።

ከቤንዚን ማደያው፣ ከሱቁ ደጃፍ ላይ
ቆሞ ነበር አሉ፣ የሚመጣ ሰው ሲያይ፤
ሽጉጡን ጨብጦ ውስጥ የገባው ሌላ፣
የተኮሰው ሌላ፤
ሕጉ ግን ሁለቱን ባንድ ጉርሻ በላ።
ኧርል ቫንዳም ሞተ፣ ከገንዘብ ሣጥን ሥር፤
መነጽሩ ሳይወልቅ፣ አጎንብሶ ነበር።
ይሄንንም ጽፌያለሁ።

ዳኛ ሃስኬል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
«ምርጫ የለኝም እኔ፤ እጄን አስሮታል ሕጉ።
ምሕረት የሌለበት፣ እስከ ሞት፣ ዕድሜ ልክ።»
በረዶ ጠራጊው መኪና ደጅ ላይ ሲያልፍ
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።
ያኔ ልጁ ወደ ጠበቃው ጆሮ ተጠግቶ፦
«የሰኞው የሒሳብ ፈተና ያልፈኛል እንዴ?»

ከሱ ሁለት ክንድ አልርቅም።
«አልተሰማም» ብዬ ጻፍኩ።
በመጨረሻው ገጽ «ልክ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ሰምቼ ነበር።

ልጅ ያቦካው፣ ይላሉ፣ ለራት አይበቃም፤
ልጅ ያጠፋው ግን ለዕድሜ ልክ በቃ።
ያው ሕግ፣ «ፊርማህ አይጸናም፣ ገና ነህ» የሚለው፣
ሲጋራ ሊገዛ ሲሄድ የሚመልሰው፣
እስር ቤት ለማርጀት «ደርሰሃል» አለው።
ዕድሜ ልክ! የማን ዕድሜ? በማን ልክ የተሰፋ?
ሽማግሌና ልጅ እኩል ቀን ቢያጠፋ፣
በስልሳው የገባ ሃያ ቢከፍል ነው፣
ያሥራ አምስቱ ልጅ ግን ስልሳ ነው ዕዳው፤
ትንሹ ትከሻ ትልቁን ተሸከመው።

ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻሻለ፤
ልጅ ሳለ የታሰረ እንደገና ይታይ ተባለ።
መልሰው አመጡት።
ጢሙ ሸብቷል። የእስረኛ ልብሱ
ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል።
እስካሁን ልኩ ሆኖ ያየሁት ይሄን ብቻ ነው።

የሟች ልጅ፣ ሎይስ፣ ቆመች።
ወረቀቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች።
«አልማርኩትም። ይሄን ጻፉልኝ።»
ጻፍኩላት።
«አባቴ የዓሣ መንጠቆዬን እንደጠገነ ነው የሞተው፤
እስካሁን ጋራዥ ውስጥ አለ፣ ማንም አልነካው።
ግን አሥራ አምስት የሞላው የልጅ ልጅ አለኝ፤
ትናንት ሞባይሉን ከነሱሪው ማሽን ውስጥ አጠበው፣
ከዚያ ለምን አይጮህም ብሎ ቤቱን ሁሉ ፈለገው።
በዚህ ጭንቅላት ላይ የመጨረሻ ቃል ይነገራል?
አላውቅም» አለች። «አላውቅም።» ተቀመጠች።

አዲሷ ዳኛ የጥንቱን መዝገብ ገለጡ፦
«ገጽ መቶ አሥራ ስምንት፣ ‹አልተሰማም› ይላል።
ያን ቀን ምን ነበር ያልከው?»
ቴሮን ጣራውን አየ። እጆቹን አየ።
«አላስታውስም፣ ክብርት ዳኛ።»

ጣቶቼ ቆሙ።
ጸሐፊ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤
ድምፄን በዚያ ክፍል የሚያውቅ የለም።
ተነሣሁ።
ሰኞን ተናገርኩ፣ ፈተናውን፣
የበረዶ ጠራጊውን፣ የኮቱን እጅጌ።
ቴሮን እንደማያውቀው ልጅ ወሬ
አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠኝ።

ከዚያ ተቀመጥኩ።
ሌላ የሚጽፍ ስላልነበረ
የራሴን ቃል በራሴ ጣት መዘገብኩ።

ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጥሯል።
ግልባጩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
ከግርጌው፣ «ልክ ነው» ከሚለው ፊት ለፊት፣
የፊርማዬ መስመር ባዶ ነው።