የህዳግ ጎረቤት

ዊኒፔግ። ጥር። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
አውቶቡሱ እስኪደርስ እግሬን ላሟሙቅ ብዬ ነበር የገባሁት፣
ስሙ ሃምሳ አለቃ በሚመስል ጎዳና ካለው ቤተ መጻሕፍት።
ከማሞቂያው ጎን አንድ መጽሐፍ፤ ሽፋኑ ላይ መርከብ፣
ሁለት ፀሐይ፣ የተላጠ ጨረቃ፣
ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ለአሥር ደቂቃ የሚበቃ።

ሁለት ዓለማት ናቸው የሚዋጉት፣ ሦስት መቶ ዓመት፣
ማንም ለማያርሰው፣ ማንም ለማያድርበት
ለአንድ የአቧራ ቀለበት።
ሳቅሁ። ደራሲው የሩቅ ነገር የፈጠረ መስሎት!
አውቶቡሱ አለፈ። ተከታዩም አለፈ።
የእኔ ጉልበት ግን እዚያው ወንበር ላይ አረፈ።

ገጽ ሰማንያ ዘጠኝ። ወታደሩ
የሞተ ባልንጀራውን አቅፎ ሽቅብ ኮከብ ይቆጥራል፤
ከጎኑ፣ በህዳጉ፣ በእርሳስ፣ በፊደላችን
አንድ ሰው እንዲህ ይላል፦
«ሓሰት። ሰው ጓደኛው ሲሞት
የሚያየው ጫማውን ነው።»

በሐመሩ ሐ!
እኛ ሦስቱን «ሀ» ባንድ ትንፋሽ ስንጨፈልቅ፣
ይህ ሰው ከጉሮሮው ነው የጻፈው፤ ለይቶ የሚያውቅ።
ከማዶ ይሁን ከእኛው ምሽግ
ፊደል ይህን አይናገርም።
ከሮዛሊንዳ እርሳስ ለመንሁ፤ ቅጽ ልሞላ ነው ብዬ ዋሸሁ።
ከሥሩ፣ በትንሹ፣
«ሀቅ ነው። ጫማው ልክህ ከሆነስ?» ብዬ ጻፍሁ።

ሦስት ሳምንት የዳቦ መጋዘን፣ ሦስት ሳምንት የሌሊት ፈረቃ።
በእረፍት ክፍሉ ፊሊፒኖዎቹ ከፊሊፒኖዎቹ ጋር፣
ሶማሌዎቹ መስኮቱ ሥር፣
የእኛ ሰዎች ደግሞ በሁለት ጠረጴዛ፣
አንዱ ሲስቅ ሌላው ዝም የሚል።
እኔ ከማይክሮዌቩ ጎን ቆሜ ነው የምበላ።

መጽሐፉ ሲመለስ፣ ከጥያቄዬ ሥር፣
ወረቀቱን ሊበሳ ጥቂት በቀረው እርሳስ፦
«ልኬ ነበር። አርባ አንድ።»

እግሬን አየሁ።
አርባ አንድ።

በልቦለዱ ሁለት የሬዲዮ ሰዎች አሉ፣ ከየዓለማቸው፣
በስሕተት ሳይዘጋ የቀረ መስመር ያገናኛቸው።
አንዱ ስለ ሾርባ ያወራል፣ ሌላው ስለ ጥርስ ሕመሙ፤
ቦምቡ በመሐል ሲያልፍ
«ቆየኝ» ተባብለው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወደ ጥርሱ ይመለሳሉ።
ደራሲው እዚህ ላይ አልዋሸም።
ወይም ዋሽቶ ከሆነ አልከፋኝም።

እዚያ ገጽ ላይ ጎረቤቴ፦
«በእናንተ በኩል አንድ ነበረ፣ መስመሩን ከፍቶ የሚያፏጭ።
ሌሊት ሌሊት እንጠብቀው ነበር። ከግንቦት በኋላ ጠፋ።»

«በእናንተ» አለ።
ያቺን ሰነፍ «ሀ»ዬን እሱም አንብቧታል ማለት ነው።

የሬዲዮ ሰው ነበርሁ፣ እውነት።
ማፏጨት ግን አልችልም፤ ከልጅነቴ ከንፈሬ እምቢ ይላል።
የሚያፏጨው ዓለምሰገድ ነበር።
ግንቦት ላይ ያየሁት ጫማውን ነው፤
የግራው ማሰሪያ ጥቁር፣ የቀኙ የጆንያ ሲባጎ።

እርሳሱን አነሳሁ።
«እኔ ነበርሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ «በሕይወት አለሁ።»
ለአንድ አውቶቡስ ያህል ጊዜ ቃሉን አየሁት።
ደግ ውሸት ነበር።
በላጲስ አጠፋሁት።
ወረቀቱ ላይ ጭስ የመሰለ ግራጫ ቀረ፤
መልሴ እሱ ሆነ።

መጋቢት ላይ መጽሐፉ ከቦታው የለም።
«ተበላሽቷል» አለች ሮዛሊንዳ፣ «ሰው ሞነጫጭሮበት፤ ተወገደ።
በምን ቋንቋ እንደሆነ እንኳ ያወቀ የለም።»
እኔም አላወቅሁም አልሁ።
መጨረሻውን አላነበብሁትም፤
ታርቀው ይሁን፣ ሌላ ሦስት መቶ ዓመት ጨምረው ይሁን።

አሁን አውቶቡስ ስሳፈር የሰው ፊት አላይም፤
በረዶ የረገጠ፣ የመንገድ ጨው ነጭ መስመር ያሰመረበት
ጫማ ነው የማየው።
አንዳንዴ አርባ አንድ የሚሆን ይገኛል።
ባለቤቱ ቀና ሲል እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

ፌርማታው ላይ ደግሞ፣ ሰው በሌለበት፣
ከንፈሬን አሞጥሙጬ እሞክራለሁ፤
እስካሁን እንፋሎት ብቻ ነው የሚወጣው።